ኮክማዋ የተሰደደችበት ሳምንት

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ። ባላቸው አቶ ሳህሉ ከሞቱ በኋላ ጀጎል ውስጥ፣ ለሦስት ቤተሰብ በተደለደለ ግቢ፣ ስድስት ዶሮዎች ያረቡ ነበር። ሰው ቢናገራቸው ዝም ይላሉ። ደካማ ሲገፋ ግን ዝም ማለት አይሆንላቸውም። በ1975 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ ያደረጉትን ያየሁት ከአጥር ማዶ ነው። ዓመታት አልፈውም ያስነሣቸውን ግፍ ሳስበው ያናድደኛል።

በግቢው የፊት ለፊቱን ሦስት ክፍል የያዘው የቀበሌው ጸሐፊ ለገሠ ነበር። ጓሮ ካለችው አንዲት ክፍል ብዙነሽ ከሁለት ዓመት ሴት ልጇ ጋር ትኖራለች። ከጎጃም የመጣችው ወታደር ባሏን ተከትላ ነው። ባሏ ወርቁ ወደ ሰሜን ከዘመተ መንፈቅ ሆኖታል። ለገሠ ያቺን ክፍል ለሚስቱ ወንድም፣ ሊያገባ ለተሰናዳው ለተስፋዬ እንደሚፈልጋት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ማንም ግን ጮክ ብሎ አይናገርም።

ብዙነሽ ከኤረር በር ገበያ አንዲት ገብስማ ዶሮ ገዝታ መጣችና በጠራራ ፀሐይ ግቢው መሐል ለቀቀቻት። ለልጇ እንቁላል እንድትጥልላት ነበር። ስለ ዶሮ የሚነግራት ሰው አልነበረም፤ ወይዘሮ ጽጌሬዳ በዚያ ቀን ለቅሶ ሄደዋል።

ዶሮዎች እንግዳ አይወዱም። ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን የትኛው ቆጥ ላይ እንደሚያድር ቀድሞ የተለየ ነው። በዚያ ግቢ የሁሉ የበላይ የወይዘሮ ጽጌሬዳ ኮክማ ዶሮ ነበረች። ማሽላ ሲበተን እሷ ሳትጠግብ ማንም አይጠጋም፤ ስለዚህ “ባላባት” ይሏት ነበር። ባላባት ገብስማዋን ጀርባዋን ነቆረቻት። ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ በመጨረሻ እሷ ራሷ ስትነቆር የኖረችው ትንሿ ቄብ ሳትቀር ተራዋን ወሰደች። ደም ካዩ ደግሞ አይመለሱም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የገብስማዋ ጀርባ ላባ የሚባል አልቀረውም።

በዚያው ሰሞን በቡዳ በር በኩል ፈንግል ገባ፣ ዶሮ እየጨረሰ ነው የሚል ወሬ ነበር። ለገሠ ገብስማዋን አየና ወረቀት ጻፈ። ብዙነሽ ተላላፊ በሽታ ወደ ግቢው አስገብታለች፤ ዶሮዋ እስከ እሑድ ትታረድ፤ የክፍሏም ጉዳይ በዚያው ቀን በቀበሌው ኮሚቴ ይታይ።

ሰኞ ጠዋት ብዙነሽ ዶሮዋን በነጠላዋ ሸፍና ወይዘሮ ጽጌሬዳ ዘንድ መጣች።

“እትዬ ጽጌ፣ በሕይወት ሳለች ትታረድ ብዬ ነው። ለልጅቷ እንኳ ሾርባ ይወጣታል።”

“ማን ሊያርድልሽ?”

“ቤቴ ወንድ የለ። አቶ ለገሠን ልለምናቸው ነው።”

“እሱኑ!” አሉ ወይዘሮ ጽጌሬዳ። ሴት አታርድምና ክፍሏን ሊቀማት ከተነሣው ሰው ደጅ ቢላዋ ይዛ ልትቆም ነው። ዶሮዋን ተቀብለው አገላበጧት። ዓይኗ ጥርት ያለ ነው። ከመዳፋቸው ያቀረቡላትን ማሽላ በጥድፊያ ለቀመች።

“ይቺ የተመታች እንጂ የታመመች አይደለችም” አሉ። የተነቆረ ጀርባዋን እየዳበሱ፣ “መቺዋም የኔ ናት። ስትነቁራት እያየሁ ‘ይለማመዳሉ’ ብዬ ተውኩ። በኔ ዝምታ ነው ይሄ ሰው ብዕሩን ያነሣው” አሉ።

ለገሠን ወደ ሥራ ሲወጣ በሩ ላይ አገኙት።

“አቶ ለገሠ፣ ፈንግል ጀርባ ይላጫል?”

“እትዬ ጽጌ፣ እኔ የዶሮ ሐኪም አይደለሁም።”

“ታዲያ ምን ብለው ጻፉ?”

“ያየሁትን ነዋ።”

“ፈንግል አንገት ያጣምማል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ በሦስት ቀን ግቢ ይጠርጋል። ይቺ ሁለት ሳምንቷ ነው። የእርስዎ አውራ ዶሮ እንኳ ዛሬ ማለዳ እንቅልፍ ሲነሳን ነበር።”

ለገሠ ፈገግ አለ። “እሺ፣ በሽታ አይሁን። የተነቆረችው ብትወጣ ሌሎቹ ያርፋሉ፤ ግቢውም ሰላም ያገኛል። ይሄ ምን ያስቆጣል?”

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ፊታቸው ተለዋወጠ። “ነቋሪዋ ተቀምጣ የተነቆረችው የምትወጣበት ምን አገር ነው?”

ባላባትን በብብታቸው ይዘው ከአጥር ማዶ ሐዋ ቤት ሄዱ። ሐዋ የጀጎል ተወላጅ ናት፤ ዘጠኝ ዶሮ አላት።

“ሳምንት አስቀምጪልኝ” አሏት።

ሐዋ ሳቀች። “ወላሂ፣ ባላባት አይደለችም እንዴ? መሬቷ ተወረሰ?”

“ተወረሰ። ያንቺዎቹ ያስተምሯት።”

ለገብስማዋ ቁስል ከቀድሞ የሥራ ጓደኞቻቸው ሰማያዊ የቁስል ቀለም ለምነው አምጥተው ቀቡላት። ዶሮዎች ቀዩን ካላዩ አይነቁሩም ይሉ ነበር። ከዚያ ግቢው መሐል ሰፊ ቅርጫት ደፉባት፤ ሌሎቹ በቀዳዳው ያዩአታል፣ አይደርሱባትም። አራት ቀን እንዲሁ አጠገብ ለአጠገብ በሉ። ዓርብ ቅርጫቱን አነሡ። ሁለተኛዋ ዶሮ አንዴ ነካ አደረገቻትና ተወቻት። ብዙነሽ እስከዚያ ድረስ ዕቃዋን ግማሹን ጠቅልላ ነበር።

እሑድ ለገሠ የኮሚቴውን ሰብሳቢ አቶ ሽፈራውን ይዞ መጣ። ወይዘሮ ጽጌሬዳ ከቅዳሴ እንደተመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ባላባትን ከሐዋ ቤት አምጥተው ከፊታቸው ለቀቋት፤ አንድ እፍኝ ማሽላም በተኑ።

ባላባት በሐዋ ግቢ የሁሉ መጨረሻ ሆና ነው የከረመችው። ወደ እህሉ አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች። ትንሿ ቄብ አናቷን ነቆረቻት፤ ባላባት ወደ ኋላ አፈገፈገች። ገብስማዋ ጀርባዋ ሰማያዊ እንደሆነ ከሌሎቹ መሐል ገብታ ትለቅማለች።

አቶ ሽፈራው ሳቃቸው መጣ። “ለገሠ፣ የታለች የታመመችው?”

“ያቺ ሰማያዊዋ። ተሽሏታል ማለት ነው።”

“ከፈንግል የዳነች ዶሮ እስከ ዛሬ አላየሁም” አሉ ወይዘሮ ጽጌሬዳ። “ከዳነች ሌሎቹ እንዴት ተረፉ? ወረቀቱ ይሰረዝ።”

“ሰኞ ቢሮ አስተካክላለሁ።”

“አይ፣ እዚሁ። የጻፉበት ብዕር ኪስዎ ውስጥ ነው።”

ለገሠ ወደ አቶ ሽፈራው አየ። አቶ ሽፈራው ወረቀቱን ከእጁ ተቀብለው አነበቡት፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ መለሱለት። ለገሠ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከላይ እስከ ታች ሰረዘበት።

“ለሷም ይንገሯት” አሉ ወይዘሮ ጽጌሬዳ።

ብዙነሽ ልጇን አዝላ ከበሯ ቆማ ነበር። ለገሠ መሬት መሬት እያየ፣ “ክፍሉ ያንቺ ነው፤ ዕቃሽን ፍቺው” አላት። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም፤ በዚያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ይህን ልብ ብለውታል። መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታውን አይነሱትም፤ የቤቱንም ለቅሶ ደርሰዋል። እስኪሞቱ ድረስ ግን ለሚስቱ እንኳ አንዲት እንቁላል አልሸጡላትም።