ቃድሮ ብለሽ ጻፊ

ጣሂራ ሐሰን ጭሮ ተወልዳ ጭሮ ያደገች የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። አባቷ ሐጂ ሐሰን ከስልጤ መጥተው ገበያው ዳር የብትን ጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። እሷ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር እየተማረች ሳለ ሞቱና ሱቁን እናቷ ወይዘሮ ሸምሲያ ያዙት። ያኔ ታናሽ ወንድሟ አብዱልቃዲር አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። በኋላ ያስጠናችው እሷ ናት፤ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራም የምትሄደው እሷ ነበረች። ሙሉ ስሙን ከአስተማሪዎቹ በቀር የሚጠራው አልነበረም። ሰፈሩ አብዲ ይለዋል። ጣሂራ ግን ገና በእግሩ ሳይሄድ ጀምሮ ቃድሮ ነው የምትለው።

ተመርቃ ከተመለሰች በኋላ በባሕር መንገድ የጠፉ ሰዎችን ከሚያፈላልግ አንድ ትንሽ ድርጅት ተቀጠረች። ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ወጥተው ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ የመን የሚሻገሩ ልጆች ብዙ ናቸው። የት እንደደረሱ የሚናገር ዝርዝር አይጠፋም፤ ሆስፒታሎች፣ መጠለያዎችና የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎች በየድረ ገጻቸው ያወጡታል። ችግሩ ዝርዝሩን የሚያነበው ሰው እንጂ ማሽን አለመሆኑ ነው። አንዱ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ፎቶ ነው፣ ሌላው በአረብኛ፣ ሌላው በፈረንሳይኛ። ኮምፒውተር ፊደል ያያል እንጂ የትኛው የሰው ስም፣ የትኛው ያባት ስም፣ የትኛው አገር እንደሆነ አያውቅም። ጭሮና አሰበ ተፈሪ አንድ ከተማ መሆናቸውንም የሚነግረው ሰው ካልተገኘ ሁለት ከተማ ያደርጋቸዋል።

የጣሂራ ሥራ ይህን መንገር ነበር። ይህ የሰው ስም ነው፤ ይህ የቤት ስም ነው፤ «ሐጂ» ማዕረግ እንጂ ያባት ስም አይደለም። አንዱ ድረ ገጽ ሌላውን በቀጥታ እንዲጠይቅም አገናኘቻቸው። ቤተሰብ ቢሮው መጥቶ ቅጽ ሲሞላ፣ የቤት ስሙም፣ አሮጌው የከተማ ስምም፣ የተሳሳተው አጻጻፍም አብሮ ይፈለጋል።

አንድ ቀን ከገለምሶ ወይዘሮ ደስታነሽ የሚባሉ እናት መጡ። ልጃቸው እንዳሻው ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል። ማሽኑ የመን ካለ መጠለያ «አንዳሻ» የተባለ ሰው አወጣ። ልጁ እሱ ሆኖ ተገኘ። በድሬዳዋ በኩል የተመለሰ ዕለት ወይዘሮ ደስታነሽ ጣሂራን እጆቿን ይዘው፣ «እግዜር ወንድምና እህትሽን ያኑርልሽ» ብለው መረቋት። አብሯት የሚሠራው በርናባስ ያን ቀን ሥራ አልሠራም፤ ዝም ብሎ ሲስቅ ዋለ።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አብዱልቃዲር ሸቀጥ አመጣለሁ ብሎ በጠዋት የቦርደዴ ሚኒባስ ተሳፈረ። አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን ከማያውቁት ቁጥር ደወለ። «ቃድሮ! የት ነህ?» አለች ጣሂራ። «መንገድ ላይ ነኝ፤ እማን አታስለቅሻት፤ ስደርስ እደውላለሁ» አለና ተቋረጠ። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ አልሠራም።

ሳምንታት አለፉ። በርናባስ ቅጹን አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አደረገላት። እሷም ማታ እራት ላይ ለእናቷ ነገረቻቸው።

«እማ፣ የቃድሮን ስም እኛ ጋ ላስመዝግበው።»

ወይዘሮ ሸምሲያ እጃቸውን ከማዕዱ አነሱ። «እዚያ የሚጻፈው የጠፋ ሰው አይደል? ልጄ ሄደ እንጂ አልጠፋም። ሟርት አታምጪብኝ።»

ጣሂራ አልተከራከረችም። እውነቱን ለመናገር እሷም አልፈለገችም። ቅጹ «የጠፋበት ቀን» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እዚያ ላይ ቀን መጻፍ ከበዳት። በምትኩ በየጠዋቱ ቢሮ ስትገባ በመፈለጊያው ሳጥን ላይ «አብዱልቃዲር ሐሰን፣ ጭሮ» ብላ ትጽፋለች። ሳጥኑ የተጻፈለትን ፊደል ብቻ እንደሚያይ፣ የቤት ስም የሚፈልገው ቅጹ እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ምንም አይመጣም። ባለመምጣቱም ደስ ይላት ነበር። እዚያ ከሌለ በሰላም ተሻግሯል ማለት ነው ትላለች።

ዓመቱ ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው፣ ጥቅምት ላይ፣ ኦቦ አልዪ የተባሉ የቦኬ ገበሬ የጠፋች ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጡ። የልጅቱን ስም፣ ዕድሜና መልክ ጠየቀቻቸው።

«ቤት ውስጥስ ማን ብለው ነው የሚጠሯት?»

ሽማግሌው ነገሯት። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ልጄ፣ ወንድምሽም ሄዷል አሉኝ። እሱንስ ጻፍሽ?» አሏት።

«አልጻፍኩም፣ አባ።»

«ለምን? እኔ ከቦኬ ድረስ መጣሁ። አንቺ እዚሁ ነሽ።»

ኦቦ አልዪ ከወጡ በኋላ ጣሂራ ቅጹን ከፈተች። የጠፋበት ቀን ላይ ኅዳርን ጻፈች። የቤት ስም፦ ቃድሮ፣ አብዲ። ያባት ስም፦ ሐሰን። ከተማ፦ ጭሮ። ላክ የሚለውን ተጫነች። እጇን ከመዳፊቱ ሳታነሳ መልስ መጣ።

«ቃድሮ ሐጂ። ከአሰበ ተፈሪ። ዕድሜ ሃያ አካባቢ። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ።»

ጠባሳውን ታውቀዋለች። ሰባት ዓመቱ ላይ ከሱቁ መደርደሪያ ወድቆ ነው፤ ጤና ጣቢያ አዝላ የወሰደችው እሷ ነበረች። መዝገቡ ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ካለ ሆስፒታል የመጣ ነው። የገባበት ቀን ጥር 12። ሕመሙ የሳንባ። ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። የሞተበት ቀን የካቲት 23።

በርናባስ ወንበሯ ሲወድቅ ሰምቶ መጣ። ቆማ ነበር። ማያ ገጹን አየና እሱም ቆመ።

«ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል» አላት።

«አይደለም። ሐጂን ያባት ስም አድርገው ነው የጻፉት።»

በርናባስ ሆስፒታሉ ጋ ደወለ። ከብዙ ቅብብሎሽ በኋላ እዚያ አስተርጓሚ ሆና ከምትሠራ፣ ውቢት ከምትባል የወሎ ሴት ጋር አገናኙት። ስልኩን ለጣሂራ ሰጣት።

«እህቱ ነሽ?» አለች ውቢት። ድምጿ ወዲያው ተቀየረ። «ኮምፒውተር ላይ የምትሠሪው?»

«እኔ ነኝ።»

«አርባ አንድ ቀን እኛ ጋ ተኝቷል። ደላሎቹ ስልኩን ወስደውበታል፤ በትኩሳቱ ምክንያት የናንተን ቁጥር ማስታወስ አቃተው። ግን አልፈራም ነበር። ‹ስሜን ብቻ ኮምፒውተር ላይ ጻፊው፣ እህቴ ታየዋለች፣ ሥራዋ እሱ ነው› ይለኝ ነበር። ማን ብዬ ልጻፍ ስለው፣ ‹ቃድሮ ብለሽ ጻፊ፤ እሷ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ› አለኝ። እንዳለኝ ጻፍኩለት። ጠዋት ጠዋት ‹አየችው?› ብሎ ይጠይቀኛል። ‹ገና ነው› እለዋለሁ።»

ጣሂራ ስልኩን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ውቢት «ሄሎ፣ ሄሎ» ትላለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ የቀትሩን የዙሁር ሰላት ጨርሰው መስገጃቸውን እያጠፉ ነበር። ያለ ሰዓቷ መምጣቷን ሲያዩ መስገጃውን ለቀቁት።

«ተገኘ?»

«ተገኘ፣ እማ።»

ወይዘሮ ሸምሲያ የልጃቸውን ፊት አይተው ሌላ አልጠየቁም። ሞት ሲሰማ የሚባለውን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ። ቆይተው «መቼ ነው?» አሉ።

«ረመዳን በገባ በሁለተኛው ቀን።»

«ያን ወር ሙሉ መንገዱን እንዲያቀናለት ነበር ዱዓ የማደርገው» አሉ ሴትዮዋ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ቀድመን ብንጽፈው ኖሮስ?»

ጣሂራ ከመንገድ ጀምሮ የፈራችው ይህንን ነበር። መዝገቡ ጥር ውስጥ ነው የገባው፤ ያኔ ቅጹ ተሞልቶ ቢሆን በዚያው ሳምንት ይገናኝ ነበር። ከጭሮ ጅቡቲ የሁለት ቀን መንገድ ነው።

«ምንም አይለውጥም ነበር» አለች። «ሕመሙ ከባድ ነበር።»

እናቷ ይመኗት አይመኗት አላወቀችም። እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ።

ጁምዓ ላይ በመስጊዱ ለሩቅ ሟች የሚሰገደው ሰላት ተሰገደለት። ጎረቤቱ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሦስት ቀን ቤቱን ሞልቶት ሰነበተ። ጣሂራ አሥር ቀን ቆይታ ሥራ ገባች፤ የሌላውን ሰው ቅጽ እንደ ድሮው ትሠራ ጀመር። የወንድሟ ግን ሳይዘጋ ቆየ። ማሽኑ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አድርጎ «እነዚህ አንድ ሰው ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ቤተሰብ ካላረጋገጠ መቃብሩ ያለ ባለቤት ይቆያል። አራት ሳምንት ጥያቄውን እያየች አለፈችው። በርናባስም አልጎተጎታትም።

በአምስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ሸምሲያ ራሳቸው ቢሮው መጡ። አንድም ቀን ደርሰው አያውቁም ነበር። ነጠላቸውን ሰብስበው ከጣሂራ አጠገብ ተቀመጡ።

«የኔን ልጅ አሳዪኝ» አሉ።

አሳየቻቸው። በቀኝ አብዱልቃዲር ሐሰን፣ ጭሮ። በግራ ቃድሮ ሐጂ፣ አሰበ ተፈሪ።

«ምን ይላል?»

«ሁለቱ አንድ ናቸው ወይ ይላል፣ እማ።»

ሴትዮዋ ማያ ገጹን በጣታቸው ነኩት፤ መጀመሪያ አንዱን ስም፣ ከዚያ ሌላውን። «በያቸው» አሉ። «አንድ ነው። የኔ ነው በያቸው።»

ጣሂራ አረጋገጠች። ከሆስፒታሉ መዝገብ የመቃብሩ ቁጥር መጣ፤ በወረቀት አትማ ለእናቷ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ሸምሲያ ማንበብ ባይችሉም ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። ከዚያ አጥፈው በጉያቸው ከተቱትና የመውጫ ሰዓት እስኪደርስ እዚያው ወንበር ላይ ጠበቋት።