የሚያፈሰው ሐይቅ

አጎቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በሰው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ ስለኖረ፣ ከተቀመጠበት በተነሳ ቁጥር ጉልበቱ ቀጭ ይላል። ቤተሰቡ «ጠብታ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ባለበት ቤት እህል አይወርድለትማ! ሠርግ ተጠርቶ እንኳ ሙሽሮቹን ትቶ የአዳራሹን የእጅ መታጠቢያ ሲፈታታ ተገኝቷል።

እኔ ደግሞ ስለሌለ አገር የምጽፍ ሰው ነኝ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ልብ ወለድ ተራራውም፣ ባሕሩም፣ ንጉሡም ከራሴ የወጣ ነው። አንድ ቀን አሳታሚው የዚህን አገር ካርታ ለማግስቱ ጠዋት እንዳደርስለት ጠየቀኝ። አጎቴ የወጥ ቤቴን ቧንቧ ሊጠግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አገኘው። እጁን በሱሪው ጠራርጎ ጎንበስ አለ።

«ይሄ ሐይቅ በሁለት በኩል ነው እንዴ የሚወጣው?»

«አዎ። አንዱ ወንዝ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ።»

«አይሆንም።»

«ጋሼ ደግሞ! ፈጠራ እኮ ነው። ዘንዶ የሚናገርበት አገር ነው።»

«ዘንዶው እንደፈለገ ይናገር። ውሃ ግን ዝቅ ያለውን ይመርጣል፣ እሱኑ እየቦረቦረ ይሄዳል፤ ሌላው ይደርቃል። የምዕራቡ ነው የሚደርቀው፤ ተራራ ደቅነሽበታል።»

ተናደድኩ። የተናደድኩትም ያለው ነገር ውሃ ልክ ስለሆነ ነው። በምዕራቡ ወንዝ ዳር የመጽሐፉ ታሪክ ሁሉ የሚፈጸምባት ከተማ አለች። አርባ ሺህ ሰው ያኖርኩባትን ከተማ በአንድ ጣቱ ገደላት። እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም።

አጎቴ ደነገጠ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ቆይ፣ ቆይ። ተራራው ከምንድን ነው የተሠራው?»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። «ከ... ድንጋይ» አልኩ።

«ምን ዓይነት ድንጋይ? የኖራ ድንጋይ ከሆነ ውሃ ይበላዋል። ያቺ ጎረቤትሽ የሳሎኗ ግድግዳ ሲረጥብባት ቧንቧው የፈነዳው የት ነበር? ሁለት ፎቅ በላይ! ውሃ የገባበትና የወጣበት አይገናኝም። ከተማሽ ከሐይቁ ዝቅ ትላለች አይደል?»

ጣቱን ሐይቁ ላይ አሳርፎ፣ በተራራው ሆድ አሳልፎ ከተማዬ ጥግ አወጣው። «በቃ፣ ሐይቁ ያፈሳል። እዚህ ጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል።»

ሦስት ዓመት ከላይ ከላይ ብቻ ያየሁት አገር ለካ ሆድ አለው። በጨለማ የሚሄድ ውሃ፣ የሰው እግር ያልረገጠው ዋሻ፣ ንጉሤ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ውሃ ሲበላው የኖረ አለት። እኔ ፈጠርኩት ያልኩት ምድር ከእኔ በፊት የነበረ መሰለኝ፤ ደስታውና ፍርሃቱ አንድ ላይ ያዘኝ።

አጎቴም ከካርታው ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው።

«ይሄን ምንጭ ስንት ሰው ነው የሚጠጣው?»

«አርባ ሺህ።»

«ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ቀድተው ይሄዳሉ።»

ጣቱን ምንጩ ላይ መልሶ አሳረፈ። የተሰነጣጠቁ ጣቶቹን አየሁ። በስንት ሰው ግድግዳ ውስጥ እንዳለፉ እስከዚያች ቀን አስቤው አላውቅም፤ እኔም ቀድቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ።

«አንድ ሰው ግን ይወቅ» አለ በመጨረሻ። «ውሃው ሲቆም የሚጠሩት።»