የእስከዳር ቢላዋ

ጤናዬ ታሪኩን የጻፈችው በሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ላይ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ለባል የተሰጠች ሴት ናትና ፊደሏ ትልልቅ ነው፤ መስመርም አያከብርም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ አዳራሽ የጽዳት ሠራተኛ ከሆነች አሥራ አንድ ዓመት አልፏታል። የወጣቶች የቴአትር ክበብ የሚለማመደው እዚያው ነው። እነሱ ሲለማመዱ እሷ ወንበር እየወለወለች ስንቱን የነገሥታት ጨዋታ በጆሮዋ ጨረሰችው። አንድ ቀን፣ "ይኼንንማ እኔም አላጣውም" አለችና ጻፈች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጥላ በል የሚባል አውሬ አለ። ክርስትና ያልተነሡ ሕፃናትን ጥላ ይበላል፤ ጥላው የተበላበት ሕፃን በሦስተኛው ቀን ይሞታል። አውሬው ከሩቅ ለሚያየው ተራራ ያህላል። ለሚቀርበው ግን እያነሰ ይሄዳል፤ አጠገቡ ለደረሰ ከውሻ አይበልጥም። ሰው ሁሉ ከሩቅ አይቶት ስለሚሸሽ ይህን ያወቀ የለም። እስከዳር የምትባል አራስ፣ ሴት ልጇ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ልትነሣ አንድ ቀን ሲቀራት አውሬው ይመጣባታል። እስከዳር ልጇን እንዳዘለች፣ ትንፋሹ ፊቷን እስኪለበልባት ድረስ ትጠጋውና በያዘችው ቢላዋ ትወጋዋለች። አለቀ።

ቢላዋው ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የአገሩ ሰው አይኖርም። አራስ ያለ ብረት ከደጅ አትወጣም። ማጭድም ይሁን ቢላዋ፣ ጓሮ ደርሳ ለመመለስም ቢሆን ይዛ ነው የምትወጣው። ብረት ከያዘች ክፉ መንፈስ አይደፍራትም ይባላል።

የክበቡ አዘጋጅ አንተነህ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ወጣት ነው። ደብተሩን ቆሞ እንደጀመረው ቆሞ ጨረሰው።

"እትዬ ጤናዬ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"ታዲያ ማን ይጽፍልኛል?"

"ለዳግማይ ትንሣኤ እናሳየዋለን! ስምዎም ማስታወቂያው ላይ ይወጣል።"

ከቀበሌ መታወቂያዋ በቀር ስሟ ተጽፎ የትም አይታ አታውቅም። ደስታዋን ለማንም ሳትናገር ሦስት ሳምንት ይዛው ሰነበተች።

በሦስተኛው ሳምንት አንተነህ ከአጎቱ ቤት ግድግዳ የወረደ፣ ቀይ አፎት ያለው ሰይፍ ይዞ ገባ።

"ለማን ነው?" አለች ጤናዬ መጥረጊያዋን አቁማ።

"ለእስከዳር።"

"እስከዳር ቢላዋ አላት።"

"ቢላዋ ከመጨረሻው ወንበር አይታይም፣ እትዬ። ደግሞስ ጀግና በቢላዋ ይዋጋል እንዴ? በቢላዋ የሚከተፈው ሽንኩርት ነው።"

ተዋንያኑ ሳቁ።

"የተከተፈውን ስትበላማ አላፈርክም" አለችው። አሁን ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። "ለመሆኑ ሰይፉን ከየት አመጣችው?"

"ባሏ ይሰጣታል። አውሬው ልጇን ሊውጥ ሲል ባሏ ከዘመቻ ይደርስና ይወረውርላታል።"

"የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማህም? ባሏንስ ማን ጻፈው? በእኔ ደብተር ባል የለም።"

"ጨመርነው።"

"ስማኝ ልጄ። ሰይፍ ራቅ ብሎ ለመምታት ነው። ራቅ ብላ ከቆመች ደግሞ አውሬው ተራራ ነው ብያለሁ። ተራራ በሰይፍ ይወጋል?"

አንተነህ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። "ይህን ተመልካች ልብ አይለውም። ሙያውን ለባለሙያ ይተዉልን፣ እትዬ።" በአፉ እርስዎ ይላታል፤ እጁ ግን የሠፈሩን ሕፃን እንደሚያባብል ሰው እጅ ነበር። ጤናዬ ውስጧ እየነደደ ባልዲዋን አንሥታ ወጣች።

እስከዳርን የምትጫወተው ሃኒ ተከትላት ወጣች። ልጅቷ አንድ ነገር ሳይገባት መጫወት የማይሆንላት ዓይነት ናት።

"እትዬ፣ ቢላዋው እንዴት ነው የሚያዘው?"

ጤናዬ የመስኮት መፋቂያዋን ከባልዲው አወጣች። በነጠላዋ ሥር፣ ስለቱን ወደ ውጭ አድርጋ፣ ክንዷ ላይ አስተኝታ አሳየቻት። እንዲህ የሚያዘው ሲያጎነብሱ ያዘሉትን ልጅ እንዳይነካ ነው። ሃኒ አያያዙን ልብ ብላ አየችው።

"እርስዎ ይዘው ያውቃሉ።"

"ስልሳ ቀን ይዣለሁ።"

ከዚያም ለሃኒ ነገረቻት። አምበር የምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ሴት ነበረች። በስልሳኛው ቀን ሕፃኗን ሳል ያዛት፤ ትኩሳቱ ጨመረ። ጤና ጣቢያ እንውሰዳት ብትል አማቷ፣ "ሰማንያ ያልሞላት ልጅ በዚህ ብርድ ወዴት ትወጣለች?" አለች። ሕፃኗ በማግስቱ ቄስ እስኪጠራ እንኳ ሳትቆይ ሞተች። ለቅሶው ሳያልቅ አማቷ በሰው ፊት፣ "ትናንት ባዶ እጇን ወጥታ ነው ያስመታቻት" አለች። ሰውም አመነ። ባሏም አመነ። በዓመቱ አባቷ ቤት መለሳት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ሆነ፤ በዚያ አገር ጤናዬ ማለት ብረቷን ረስታ ልጇን ያስበላች ሴት ማለት ነው።

"ግን ይዘው ነበር?" አለች ሃኒ።

"ይዤ ነበር። በእጄ ነበር።"

ሃኒ ሄዳ ለአንተነህ ነገረችው። አንተነህ ክፉ ልጅ አይደለም፤ አዝኗል አሉ። ጤናዬ ዘንድ መጥቶም፣ "በጣም ያሳዝናል፣ እትዬ። ግን ማስታወቂያው የሰይፉን ሥዕል ይዞ ታትሞ ተለጥፏል" አላት። ማልቀስ አልቃጣትም። የሰው ልጅ ለታተመ ወረቀት እንዲህ ሲያዝን አይታ አታውቅም ነበርና ተናደደች።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከቀትር በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ጤናዬ በሩ አጠገብ ቆማ አየች። ሃኒ ልጇን አዝላ ስትንቀጠቀጥ፣ ባል ተብዬው እየሮጠ ገብቶ ሰይፉን ወረወረላት። ሰይፉ በመብራቱ ሲያብረቀርቅ ጭብጨባው ጣራውን አናጋው። ሃኒ ከአውሬው ስድስት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ሰይፉን አየሩ ላይ ወዘወዘችው፤ አውሬውም ወደቀ። ለማን ብሎ እንደወደቀ እግዜር ይወቀው።

ሕዝቡ ሲወጣ አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ቆም አሉና ጤናዬን ትኩር ብለው አዩአት። ለልጃቸው እንግዳ ሆነው ከአምበር የመጡት እማማ ታየች ናቸው። ያኔ ከአማቷ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነበሩ።

"ጤናዬ! አንቺ ነሽ? ምነው እንዲህ ጠወለግሽ፣ ልጄ?" ሳሟት። "አየሽው ጨዋታውን? ደግ ነው። ባሏ ባይደርስላት ኖሮ ያች ሞኝ ልጇን አስበልታ ነበር እኮ።"

ጤናዬ ሃያ ሰባት ዓመት ለአንድም የአምበር ሰው ያልተናገረችውን ተናገረች።

"እማማ ታየች፣ እኔ ያን ቀን ቢላዋው በእጄ ነበር።"

አሮጊቷ ዓይናቸውን አልሰበሩም።

"አውቃለሁ፣ ልጄ። ከጓሮ ስትገቢ አይቼሻለሁ። ጫፉ ከነጠላሽ ብቅ ብሎ ይታየኝ ነበር።"

"አይተው ነበር? ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?"

"ማን ጠየቀኝ? ደግሞ አማትሽ የልጄ የክርስትና እናት ናት። በልጄ የክርስትና እናት ቤት ነገር ላንሣ?"

"በእኔ ቤት ግን ነገር ሲነሣ ቁጭ ብለው ሰሙ።"

"ያለፈ ነገር ነው፣ ጤናዬ። እግዜር ሌላ ይሰጥሻል ብለን ነበር።"

"አልሰጠኝም።"

አንተነህ ፊቱ በደስታ እያበራ በሕዝቡ መሐል መጣ። "እትዬ፣ ሰዎች ደራሲዋን እንይ እያሉ ነው! መድረክ ላይ ይውጡ!"

"አልወጣም። ከነገ ጀምሮም ስሜን ከማስታወቂያው አውጣው።"

"ምነው? ሕዝቡ እንዴት እንደወደደው አላዩም?"

"የወደደው ያንተን ነው። የሰይፉን ታሪክ ራስህ ፈርምበት። ደብተሬን ግን አሁኑኑ አምጣልኝ።"

አንተነህ ደብተሩን ሊያመጣ ሄደ።

እማማ ታየች ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ ልሂድ። ጀምበር ሳትጠልቅ መኪና ካላገኘሁ ማደሬ ነው። መናኸሪያው በየት በኩል ነበር? ሸኝኝ እስቲ፣ ልጄ።"

በዚህ አገር የመንደሯን ትልቅ ሰው የማትሸኝ ሴት ስሟ እንዴት እንደሚነሣ ጤናዬ ታውቃለች። ስሟ እንደሆነ አንዴ ተነሥቷል።

"በዚያ በኩል ነው" ብላ በእጇ አሳየቻቸውና ደብተሯን እየጠበቀች እዚያው ቆመች።