የዋጋሪ ትልቁ ድስት

ጀልባዋ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ወዳለው ግቢያቸው በአይሱዙ ተጭና ስትገባ ድርቤ ልብስ እያሰጣች ነበር። መኪናው ላይ የተደፋው ነገር መጀመሪያ የውሃ ታንከር መስሏት ደስ አላት። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ታንከር ትልቅ ነገር ነው። ሲያወርዱት ግን ሆዱ ክፍት ሆኖ አገኘችው። ውስጡ የዶሮ ላባና የደረቀ ኩስ ተጋግሮበታል፣ አንደኛው ጎኑ ተጨርምቷል፣ ሥሩ ደግሞ ፀሐይ የሚያሳልፍ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው።

«ዋጋሪ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጀልባ።»

«የማን ጀልባ?»

«ያንቺ፣ ድርቤ ኮ።»

በኦሮምኛ «ድርቤዬ» ማለቱ ነው። ባሏ እንዲህ ብሎ የሚጠራት አንድ ነገር ሊያስወድዳት ሲፈልግ ብቻ ስለሆነ፣ ድርቤ ወደ ልብሷ ዞረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድርቤ ታላቅ እህት ዱረቲ የምትኖረው ከፊንጫ ሐይቅ ማዶ ነው። በየብስ ዞሮ ለመድረስ በክረምት ጭቃው አያስኬድም፣ በበጋም ቢሆን ዳገቱ ለድርቤ ጉልበት የሚሞከር አይደለም። ዱረቲም ብትሆን ከደጃፏ ርቃ መሄድ ከተወች ቆይታለች። በውሃ ግን ቅርብ ነው። ከወዲህኛው ዳር የቆመ ሰው የቤቷ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ያያል። ችግሩ ድርቤ ጀልባ ላይ አትወጣም። ልጃገረድ ሳለች በእንጨት ጀልባ ስትሻገር ውሃው በስንጥቁ እየገባ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ መጥቶባት፣ በገዛ ጫማዋ እየቀዳች እየደፋች ነበር ማዶ የደረሰችው። ያን ዕለት «ውሃ የማታስገባ ጀልባ በዓይኔ ካላየሁ ሁለተኛ አልገባም» አለች፤ እንዳለችም ኖረች። ሁለቱ እህትማማቾች የሚገናኙት በስልክ ብቻ ሆነ። በቅርቡ ታዲያ ዱረቲ፣ «ድምፅሽንስ ጠግቤዋለሁ፤ የራበኝ ፊትሽ ነው» ብላት የድርቤ እጅ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልይዝ ብሎ ዋለ። ያንን ዋጋሪ አይቷል።

ዋጋሪ ዕድሜውን ሙሉ በነቀምቴ ገበያ ብረት ድስት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጀልባዋን ያገኛት ሐይቁ አጠገብ ባለች ከተማ፣ ዶሮዎች ሲያድሩባት ከቆየችበት አጥር ሥር ነው፤ ሞተሯ ከጎኗ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን ሰማና፣ «አሉሚኒየም ናት» አለ። «ድስት ማለት ናት። የሚለያት መጠኗ ብቻ ነው።»

ሥራው ተጀመረ። ድርቤ የማታይ መስላ ሁሉን ታይ ነበር። ኩሱን በሙቅ ውሃና በሣሙና ሲያስለቅቅ፣ አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ፣ የተጨረመተውን ጎን ከውጭ አሸዋ የሞላ ከረጢት አስደግፎ ከውስጥ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ ሲያወጣ አየች። በየቀዳዳው ላይ ከአሮጌ ድስት የተቆረጠ ልጥፍ እያስቀመጠ በሪቬት ሚስማር ይመታል። የመዶሻው ድምፅ ሰፈሩን ሁሉ ይጠራል፤ በአጥር ብቅ የማይል ሰው አልነበረም።

«ኦቦ ዋጋሪ፣ ስንት በሬ ይቀቅላል?» ይለዋል ጎረቤታቸው ጂሩ፣ የወፍጮና የባጃጅ ሞተር ጠጋኙ።

«አንተን ከነቁምጣህ ይቀቅላል!»

አንድ ቀን ድርቤ ጠጋ ብላ ስታይ፣ በጀልባዋ ሁለት ጎኖች ላይ እጅ መያዣዎች ተመትተዋል። አቀማመጣቸው ያማረ ነው። ግን ታውቃቸዋለች።

«ዋጋሪ፣ እነዚህ የኔ ድስት ጆሮዎች አይደሉም?»

«ድስቱ መቼም አርጅቶ ነበር።»

«ትናንት ወጥ በልተህበት ጣትህን የላስከው ድስት ነው ያረጀው?»

«ፈርተሽ ብትይዢው የምታውቂው ነገር ይሁን ብዬ ነው» አላት፣ ዓይኑን ከመዶሻው ሳያነሳ። ድርቤም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጡን ጆሮ በሌለው ድስት መሥራት ጀመረች።

ሞተሩን ጂሩ ወሰደው። ካንዴላውን ቀየረለት፣ ካርቡራተሩን አጠበው፤ ከዚያ የድርቤን የውሃ በርሜል ለመነና ሞተሩን ጠርዙ ላይ አሰረው። ገመዱን ደጋግሞ ቢስብም ሞተሩ እያሳለ ዝም ይላል። «ይሄ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እንደኔ ነው» ብሎ አንዴ በኃይል ሲስበው ድንገት ተነሳ፤ የበርሜሉ ውሃ ከሥሩ ዞሮ፣ ተገልብጦ፣ ድርቤ ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ላይ አረፈ። ዋጋሪና ጂሩ በደስታ ተቃቀፉ። አንሶላውን መልሳ ያጠበችው እሷ ናት።

የቀረው የውሃ ፈተና ነበር። ድስት ጠጋኝ ቀዳዳ የሚፈልገው በአንድ መንገድ ነው፤ ድስቱን በውሃ ይሞላል፣ ሥሩን በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል፣ የሚያለቅስበትን ቦታ በከሰል ይከብባል። ዋጋሪ ሌላ መንገድ አያውቅም። ጀልባዋን በአሮጌ ጎማዎች ላይ ከፍ አድርጎ ከቤቱ አሸንዳ ሥር አስቀመጣት፤ የነቀምቴ ዝናብ ሞላለት። ሥሯ ገብቶ የሚያለቅሰውን ሁሉ ከበበ፣ ውሃውን ደፋ፣ መታ፣ ደግሞ አስሞላ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የከሰሉ ክብ አንድ በአንድ አለቀ።

«ነይና እዪ» አላት ድርቤን። «ሥሯ ደረቅ ነው።»

«እዚህ ቆማማ ትደርቃለች። ሰው ሲገባባትስ?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ዋጋሪ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። ድርቤም ጓዳ ገብታ የረባ ነገር አልሠራችም፤ እንዲህ ያለችው ከፍርሃት እንጂ ጥርጣሬ ኖሯት እንዳልሆነ ልቧ ያውቀዋል።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ኦቦ ነመራ በር አንኳኩ። ከኋላቸው ሁለት የመዘምራን ሴቶች ቆመዋል።

«አከም ቡልታኒ? እንዴት አደራችሁ? የሠራችሁትን ሰምተን ነው የመጣነው። ሰው ሳይጠይቃችሁ! ገለቶማ፣ ተባረኩ!»

ዋጋሪ ግራ ገባው። «ምን ሠራን?»

ሽማግሌው በጣታቸው ወደ አሸንዳው አሳዩ። ጀልባዋ ጠርዟ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ኩልል ባለ ውሃ ተሞልታለች። «ጩጳውን ነዋ! ማጥመቂያ ገንዳውን!»

ከባሏ ቀድሞ የገባው ለድርቤ ነው፤ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። የቤተ ክርስቲያኑ ገንዳ ሲሚንቶው እየታደሰ ነው። ሌላ ጊዜ የሚያጠምቁበት ወንዝም በዚህ ወቅት ሞልቶ ያስፈራል። በአጥሩ ያየ ሁሉ ደግሞ ዋጋሪ ገንዳ እየሠራ ነው ብሎ አውርቷል።

«ኦቦ ነመራ፣ ይቺ እኮ ጀልባ ናት» አለ ዋጋሪ።

«ጀልባ ብትሆንማ ውሃው ከውጭ ይሆን ነበር» አሉ ሽማግሌው ረጋ ብለው። «ውስጧ ውሃ የሚሞላላት ጀልባ እኔ አይቼ አላውቅም።»

ዋጋሪም ተስማማና ጥምቀቱ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን ተባለ።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ግቢው በሰው ሞላ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ደረብ አድርገው አጥሩን ተደግፈው ይዘምራሉ። ዋጋሪ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ጨምሮ አጠናክሯል። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ፣ መጋቢው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡ። ወጣቶቹ ተራ በተራ እየገቡ፣ እየጠለቁ፣ እልል እየተባለላቸው ወጡ። በመጨረሻ ተራው የእማማ አስካለ ሆነ። እማማ አስካለ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወንዝ መውረድ አይችሉም ነበር። ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ግን እግራቸውን መለሱ።

«አይ፣ እኔ ፈራሁ። ይንቀሳቀሳል።»

«አይንቀሳቀስም፣ እማማ» አለች ድርቤ። «ባለቤቴ ነው የሠራው። እሱ የመታው ነገር አይነቃነቅም።»

«እንግዲያ እጄን ይዘሽ አብረሽኝ ግቢ።»

ድርቤ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ባንድ እጇ የድስቱን ጆሮ ባንድ እጇ አሮጊቷን ይዛ ገባች። ውሃው ይቀዘቅዛል። እማማ አስካለን ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻቸው፤ መጋቢው ወደ ኋላ አጋደሟቸውና አወጧቸው። እልልታው ግቢውን ሞላው። አሮጊቷ ውሃውን ከፊታቸው እየጠረጉ እንደ ልጅ ሳቁ፤ ድርቤም አብራ ሳቀች።

ይሄኔ ከጀልባዋ ሥር ሁለት እግሮች ወጥተው ታዩ። ዋጋሪ ነው። ሰው ሁሉ ጥምቀቱን ሲያይ እሱ በደረቱ ጭቃ ላይ ተኝቶ የጀልባዋን ሥር ሲያይ ነበር። ሸሚዙ እንዳልነበረ ሆኖ ተነሳ።

«አንድ ጠብታ የለም!» ብሎ ጮኸ። ቀና ሲል ድርቤን አያት፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «ድርቤ ኮ፣ የት እንደቆምሽ ታውቂያለሽ?»

ድርቤ ወደ እግሯ አየች። ከዚያ እጇ የያዘውን የድስት ጆሮ አየች።

«ውሃው ግን ከውስጥ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ከውስጥ ያለው ካልወጣ ከውጭ ያለው አይገባም። ድስት ነው፣ አይዋሽም።»

«ሦስት ሰው ይዟል» አለ ጂሩ ከአጥሩ ላይ፣ «ያውም ከነውሃው!»

ድርቤ እጇን በነጠላዋ አደረቀችና ስልኳን እንዲያቀብሏት ጠየቀች። እዚያው ቆማ ደወለች።

«ዱረቲ፣ የት እንዳለሁ ገምቺ። ጀልባ ውስጥ ነኝ።»

«ዋቀዮ! አምላኬ! በየትኛው ሐይቅ?»

«ባኬ ጃማ።»

ሰዉ እንዴት እንደሳቀ ድርቤ እስከ ዛሬ ስታወራው ራሷ ትስቃለች።

መስቀል ካለፈ በኋላ ጀልባዋ ተመልሳ አይሱዙ ላይ ወጣች። ሐይቁ ጸጥ ባለበት ጠዋት ዋጋሪ ሞተሩን አስነሳ፤ ጂሩ እንዳስተማረው ሁለቴ አሳለና ሄደ። ዋጋሪ ወፎቹን፣ ተራራውን፣ ሸምበቆውን እዪ እያለ ቢያሳያትም ድርቤ ዓይኗን ከጀልባዋ ወለል አላነሳችም። የድስቱን ጆሮዎች ግራና ቀኝ ጨብጣለች። ወለሉ ደረቅ ነበር።

ማዶ ዳር ላይ ዱረቲ ወንበር አስወጥታ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ጀልባዋ አፈሩን ስትነካ ድርቤ ቀና አለች፤ የእህቷ ፊት እጇ በሚደርስበት ርቀት ላይ ነው፣ ተሸብሽቧል፣ የዱሮው ሳቅ ግን አልለቀቀውም።

«ጫማሽስ?» አለቻት ዱረቲ፣ ከሰላምታ በፊት።

ድርቤ ሁለቱንም እግሮቿን ከነደረቅ ጫማቸው ከፍ አድርጋ አሳየቻት።