ቴፑ አይደገምም

«ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንቅልፌ ይመጣል» የሚል ሰው ያናድደኛል። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያናድደኛል። ለእኔ ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር የሚታየኝ ኮርኒስ የሌለው የትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቴፕና ከወደ ኋላ እጁን አውጥቶ የቆመ ወንድሜ ነው።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ወንድሜ ታላቄ ቢሆንም ሁለታችንም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን፣ ያውም አንድ ክፍል ውስጥ። ገጠር አያታችን ዘንድ ስላደገና እዚያ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ፊደል የቆጠረው ጎረምሳ ሊሆን ሲል ነው። ከተማ ከገባ በኋላ ግን ደብል እየመታ መጥቶ ደረሰብኝ። እኔ መጀመሪያ አኩርፌ ነበር፤ ኋላ ግን የቤት ሥራዬን የሚያስረዳኝ እሱ ሆነ።

እናታችን ገበያ ውስጥ በርበሬና ጨው ትሸጥ ነበር። መጠቅለያ የምታደርገው አሮጌ የፈረንጅ መጽሔት ነው። ወንድሜ እንግሊዝኛውን ግማሹን ከክፍል፣ ግማሹን ከዚያ መጽሔት ነው የተማረው። አንድ ገጽ ከመቀደዱ በፊት እሱ አንብቦ መጨረስ አለበት። «ቆይ እማዬ፣ ይቺን ብቻ» ይላል፤ ገዢዋ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ትጠብቃለች፤ እናቴ በሲዳምኛ ታወርድበታለች። ዞር ሲል ደግሞ ለጎረቤቶቿ «የእኔ ልጅ ያላነበበው ወረቀት በርበሬ አይጠቀለልበትም» እያለች ትኮራበት ነበር።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ህንዳዊ ነበሩ። የማዳመጥ ፈተና ሲሰጡን ምንባቡን ራሳቸው በወንበሮቹ መሀል እየተመላለሱ ሁለት ጊዜ ያነቡልናል። ፊታችን ላይ ግራ መጋባት ካዩ ደግሞ ሳይጠየቁ ይጨምራሉ። መጀመሪያ ላይ እንግሊዝኛቸው ያስቀን ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንደርስ ግን ጆሯችን ከእሳቸው ሌላ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ተማሪው ለማትሪክ ከመመዝገቡ በፊት ትምህርት ቤቱ የራሱን ማጣሪያ እንዲሰጥ ተወሰነ። እንግሊዝኛ በንባብና በማዳመጥ ለየብቻ ይፈተናል፤ ከሁለቱ በአንዱ የወደቀ ለማትሪክ አይመዘገብም። ሐሳቡን ያመጣው ዩኒት ሊደራችን ነው፤ የተማሪውን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው ሰው ማለቴ ነው። በታላቅነቱ አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ። አዲስ አበባ ሴሚናር ላይ ሰንብቶ ሲመለስ አንድ ካሴት ይዞ መጣ። ካሴቱ ውስጥ የእውነተኛ እንግሊዛዊ ድምፅ አለ ተባለ። መምህር እያነበበ መፈተን ከእንግዲህ ኋላ ቀርነት ነው፤ ህንዳዊው መምህራችንም በዕለቱ ቤታቸው እንዲያርፉ ተነገራቸው።

እኔ ሴት ነኝና ብወድቅ የሚጠብቀኝ እናቴ ጎን ተቀምጦ በርበሬ መመዘን ነው። የእሱ ግን ሌላ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣት ከመናኸሪያም ከፒያሳም የሚታፈስበት ጊዜ ነው። የተማሪ መታወቂያ ያለው ይለቀቃል፤ የሌለው መኪና ላይ ይወጣል። ወንድሜ ዕድሜው ስላለፈ ክፍል ልድገም ቢል አይፈቀድለትም፤ ከወደቀ መታወቂያውን ያስረክባል፣ መታወቂያውን ካስረከበ ቀበሌ ይጠብቀዋል። እኛ ቤት ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ስለምናውቅ አናወራውም። ሌላው ሰው የእንግሊዝኛ ፈተና ይበለው፤ እኛ ቤት ስሙ ያ አልነበረም።

ንባቡ ጠዋት ተሰጠ። ወንድሜ ከሁሉ ቀድሞ ጨረሰ፤ ዞር ብዬ ሳየው መልስ እያጣራ ሳይሆን ምንባቡን እንደገና ለደስታው እያነበበ ነበር። ማዳመጡ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ግንቦት ውስጥ፣ አዋሳ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ! ከታቦር ተራራ በላይ ያለው ሰማይ ከምሳ ጀምሮ ጠቁሯል። ሰማዩን ቀና ብሎ ያየ ልብስ አጣቢ ሁሉ ልብሱን ከገመድ ላይ ሰብስቧል። የእኛ ሰው ግን ሴሚናር የሄደ ነው፣ ሰማይ አያይም።

የተቀመጥነው በስማችን ፊደል ተራ ነው፤ የአገሩ ልማድ ነው። የእኔ ስም ከፊደል ገበታው ራስጌ፣ የእሱ ከግርጌው ስለሆነ፣ ከአንድ ማሕፀን ወጥተን እኔ ቴፑ ሥር፣ እሱ አዳራሹ ጥግ ተገኘን። ለልጁ ስም የሚያወጣ ወላጅ አንድ ቀን ይህ ስም ልጄን ከቴፕ ያርቀዋል ብሎ አያስብም። አባታችን ነፍሱን ይማረውና ደስ ያለውን ስም ነበር ያወጣው።

«ቴፑ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል» አለ ዩኒት ሊደሩ። «አይቆምም፤ አይደገምም። ሰምታችኋል? ቴፑ አይደገምም።» ይህንን እንኳ ራሱ ደገመው።

ቴፑ ተከፈተ። አንድ ሰው ባቡር ሊሳፈር ጣቢያ ይሄዳል። ከመካከላችን ባቡር ያየ መኖሩን እንጃ፤ ግን ይሁን። ሰውየው ለመንገደኛ የሆነ ጥያቄ ሲያቀርብ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መቱት። መንገደኛው መልስ ሲጀምር ዶፉ ወረደ። ፊት ያለነው አንገታችንን ወደ ቴፑ አስግገን ቃል ከቃል እንለቅማለን። ኋላ ያሉት ግን ቴፑን በዓይናቸው ነው የሚያዩት፣ እርሳሳቸውን ይዘው፣ አፋቸውን ከፍተው። የዚያን እንግሊዛዊ ከንፈር ቢያገኙ ኖሮ እሱን ያነቡ ነበር።

ወንድሜ እጁን አውጥቶ ተነሣ። ባለ በሌለ ድምፁ «ጓድ መምህር፣ እዚህ አይሰማም! ዝናቡ እስኪያባራ ይቁምልን፣ ወይም ይደገምልን!» አለ።

«ተቀመጥ!»

«አይሰማማ፣ ጓድ!»

ዩኒት ሊደሩ እስከ አዳራሹ አጋማሽ ሄደ። «ይኼ የማዳመጥ ፈተና ነው። የቻለ ያዳምጣል። ሌሎቹን ልታስነሣ ከሆነ ደግሞ እሱ አድማ ይባላል።»

አድማ! በዚያ ዘመን ይህች ቃል ከተነገረች ሰው ከወንበሩ ጋር ይሰፋል። በስንቱ ቤት ይህች ቃል ያስቀረችው ሰው አለ። ሊነሡ ያኮበኮቡት ሁሉ ቁጭ አሉ፤ ወንድሜም ተቀመጠ። ቴፑ ያን ሁሉ ጊዜ አልቆመም፤ እንዲያውም የእነሱ ጭቅጭቅ እኔንም ሁለት ጥያቄ አሳለፈኝ። ወረቀታችን ተሰብስቦ ሳያልቅ ዝናቡ አባራ። ስንወጣ ፀሐይ ነበር፣ እንደ ሹፈት።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ ሠፈራችን ልንደርስ ስንል፣ ወንድሜ «ሰውየው ባቡሩ ላይ ደረሰ?» አለኝ።

«አመለጠው።»

«ምስኪን» አለ። ከልቡ ነው ያዘነለት።

ውጤት ሲለጠፍ ወንድሜ በንባብ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣ፤ በማዳመጥ ወደቀ። ከእሱ ጋር የኋላው ረድፍ እንዳለ ወደቀ፤ አንድም ሰው አልተረፈ። ፊት የነበርን ሁላችን አለፍን። ውጤቱ የፊደል ገበታውን ሁለት ቦታ ቆርጦ ከዚህ ወዲያ ያለው ደንቆሮ፣ ከዚህ ወዲህ ያለው ሊቅ ያለ ይመስል ነበር። ይህን አይቶ አንድ ነገር ተበላሽቷል የማይል ሰው እንዴት ለተማሪ ይሾማል? ህንዳዊው መምህር ማንም ሳይጠራቸው ቀርበው «ሁሉንም እኔው እንደገና ልፈትናቸው» ቢሉ፣ እንግዳ በአገር ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ተባሉ።

እናቴ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ሄደች። ሹም ፊት ስትቀርብ አማርኛው ይጠፋባታልና እኔን አስከተለች። በተቀመጥን በጥቂቱ ዝናቡ ጀመረ። የእሱም ቢሮ ቆርቆሮ ነው፣ የእሱም ቢሮ ኮርኒስ የለውም።

«ጌታዬ» አለች እናቴ። ጌታዬ መባባል በአብዮቱ ቀርቷል፤ ሲባል ደስ አለው መሰለኝ፣ አላረማትም። «ጌታዬ፣ ልጄ...» ድምፅዋ ድሮም ቀጭን ነው።

ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ጆሮው ላይ ደቀነ። «አልሰማሁም እናቴ፤ ይድገሙልኝ።»

ደገመችለት።

«አሁንም አልሰማሁም። ቆይ ዝናቡ ያባራና ይነግሩኛል።» ይህን ብሎ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ሦስታችንም ጣሪያ ጣሪያውን እያየን ዝናቡን ጠበቅን። በሕይወቴ ያን ዕለት የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። እናቴ ነገሩ ስለገባት ክንዴን ቆንጥጣ ያዘችኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ግን አፌ ከእኔ ቀደመ።

«ወንድሜም ያለው ይህንኑ ነው» አልኩት። «አልሰማሁም፣ ይደገምልኝ፣ ወይ ዝናቡ ያባራ። አንድ ቃል አልጨመረም።»

አየኝ። እንደገባው በዓይኔ አየሁ። ባይገባው ኖሮ ምናልባት ዛሬ ይቅር እለው ነበር። ገብቶት፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «የተለጠፈ ውጤት አይነሣም» አለ። «ለአንዱ ከደገምኩ ለሁሉም ልደግም ነው።»

«ለሁሉም ይድገሙላቸዋ!»

«የበላይ አካል ምን ይለኛል? የሰጠኸው ፈተና ልክ አልነበረም ልባል? ውጪ አንቺ!»

ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ንጉሡ ወርደዋል፤ ተረቱ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። እናቴ እንደገባችው ጎንበስ ብላ፣ እጅ ነሥታ ወጣች። እጅ መንሣቷ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ወንድሜ መታወቂያውን አስረከበ። ቀበሌም አልዘገየ። ማትሪክ የእንግሊዝኛው ወረቀት ሲታደለን እሱ ማሠልጠኛ ከገባ ሰንብቷል። ምንባቡን እንደምንም ጨርሼ፣ ይህን እሱ ቢሆን ተመልሶ ለደስታው ያነበው ነበር ብዬ ሳስብ ፊደሉ ተደባለቀብኝ። እንደምንም አለፍኩ። እናቴ ማለፌን ስነግራት «ተመስገን» አለችና በርበሬዋን ልትጠቀልል አንድ ገጽ አነሣች። ሳትቀድደው ያዘችው። እጇ «ቆይ እማዬ» የሚላትን ሰው ለምዷል።

ከዓመታት በኋላ መንግሥት ሲወድቅ፣ ወንድሜ መናኸሪያ ከአንድ የጭነት መኪና ላይ ወረደ፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ በሕይወቱ። ብዙ እናቶች ያን አላገኙምና እግዜርን አናማርርም። ከመድፍ አጠገብ ቆይቶ ግራ ጆሮው ጠፍቷል። ቀኙም የሚሰማው ሲጮኹለት ነው። መጽሔት ግን አሁንም ያነባል።

አንድ ቀን ፒያሳ ሻይ ልንጠጣ ገባን። አንድ ሸበቶ ሰው ከወዲያ ጠረጴዛ ተነሥቶ በወንድሜ በግራው በኩል መጣ። እኔ ወዲያው አወቅሁት፤ ዩኒት ሊደራችን ነው። እሱ ግን የድሮ ተማሪው መሆኑን እንጂ ሌላውን አላስታወሰም፤ ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ብቻ ነበር። «እንዴት ነህ ልጄ? አሁን ምን ትሠራለህ?» አለው።

ወንድሜ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ትልቅ ሰው ነዋ። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም። ይድገሙልኝ።»

ደገመለት። ወንድሜ አሁንም ራሱን ነቀነቀ። ያ ሰውዬ ወንበር ገፍቶ ወደ ቀኙ ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይቆጣ፣ እንደገና ደገመለት። ወንድሜ ሰማ፤ ሣቅ ብሎ መለሰለት። ሰውየው ትከሻውን መታ መታ አድርጎት፣ አይዞህ ብሎት ወጣ።

«ደግ ሰው ሆኗል» አለኝ ወንድሜ ሻዩን እያማሰለ።

እኔ ሰውየው የወጣበትን በር አየሁ። የበላይ አካል አልጠየቀ፣ ወረቀት አላየ፣ ማንንም አልፈራ፤ ሰው አልሰማሁም ስላለው ብቻ ደገመለት። መድገም ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር።