ባዶ ሙቀጫ

ጾሙ ከገባ ወዲህ ልጄ ሳሮን ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቶፉ ካልበላን ብላ ይዛኛለች። ሀይሌ ጋርመንት ካለው ሱፐርማርኬት ገዝታ ያመጣችውን፣ አይብ ይሁን ሳሙና ያልለየለት ነጭ ነገር በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ውኃው እንዲጠፈፍ የእናቴን የእንጨት ሙቀጫ ጫንኩበት። ከዚያ ሙቀጫውን አንስቼ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቀጥኩ፣ በሶያ ሶስና በሎሚ ለወስኩ፣ ቶፉውን ቆራርጬ ዘፈዘፍኩበትና ኦቭን ውስጥ ከተትኩት። ሙቀጫው ግርጌ የቀረውን ላደቅ ስል ዘነዘናው ባዶውን እንጨት መታው። ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ያን የልጅነቴን ድምፅ ሰማሁት፤ እጄም መውቀጡን አላቆመም።

ላፍቶ ገና ማሳ በነበረ ጊዜ አባቴ ሥጋ ቤት ውስጥ ሥጋ ቆራጭ ነበር። ሌላው ሰው ዐቢይ ጾምን በሆዱ ሲጾም አባቴ በእጁ ይጾም ነበር፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ቢላዎቹ ይጠቀለላሉ፣ አጥንት ሲፈልጥ የከረመው ክንድ ሥራ ያጣል። ጠዋት አረቄ፣ ከሰዓት ዱላ። እናቴ ልታበርደው የሽምብራ ዓሳ ትሠራለት ነበር፤ ዱቄቱን በነጭ ሽንኩርት አቡክታ፣ ጭራውንም ቅርፊቱንም በማንኪያ ጫፍ ስላ፣ ጠብሳ ቀይ ወጥ ውስጥ ታስተኛዋለች። ያን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ እፈራዋለሁም።

ጎረቤታችን እትዬ ማርታ፣ ከወላይታ የመጡ ጴንጤ፣ ጆንያ ብቻቸውን የሚሸከሙ ሴት፣ አንድ ሥራ ሰጥተውኝ ነበር። «ሲጀምር ባዶውን ሙቀጫ ውቀጪ። እህል የሌለበት ድምፁ ይለያል፣ እኔ እሰማለሁ» አሉኝ። ጩኸቱንማ ሰፈሩ ለምዶታል፤ ደግሞስ ሴት ልጅ ስትወቅጥ ማን ይጠረጥራል?

ያን ቀን አባቴ አንዷን ዓሳ በሁለት ጣቱ አንስቶ አገላበጣት። «ዓይን አበጀሽለት? በእኔ ላይ ነው የምትቀልጂው?» አለ። ድስቱ ግድግዳው ላይ ተከሰከሰ፤ እናቴን በጡጫ ጥሎ፣ በእርግጫ ብሎ፣ በጸጉሯ አንስቶ ጭንቅላቷን ከምሰሶው ጋር ደጋግሞ አጋጨው። ከግራ ጆሮዋ ደም ሲወርድ አየሁ። መዳፌ እስኪላጥ ወቀጥኩ። አንገቷን አንቆ ዓይኗ ሲገለበጥ፣ በሩ ተገነጠለና እትዬ ማርታ ፍልጥ ይዘው ገቡ። «በኢየሱስ ስም ልቀቃት!» ብለው ክንዱን በፍልጡ አሉት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፤ ደስ አለኝ፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ያ ክንድ ከዚያ ወዲያ ቢላዋም ዱላም አላነሳም።

አባቴ ሞቷል። እትዬ ማርታም የሉም፤ ቤቶቻችን የነበሩበት ላይ ፎቅ ቆሟል። እናቴ አሁን እኔ ዘንድ ናት፤ ወጥ ቤቱ ጥግ ተቀምጣ ስወቅጥ ታየኛለች፤ ስልክም የበር ደወልም አይሰማትም።

ይህን ሳስብ ከእግራችን ሥር ወለሉ ተደበደበ። የታችኛዋ ጎረቤቴ፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት፣ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን እየወጋች ዝም በሉ ማለቷ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብወቅጥ አርፈሽ ተቀመጪ የሚለኝ እንጂ በር ገንጥሎ የሚገባልኝ ሰው እንደሌለኝ ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ ግን የወለሉ ንዝረት በእግሯ ተሰምቷት ቀና አለችና ፈገግ አለች።

«አይዞሽ ልጄ፣ ማርታ ሰምታለች» አለችኝ።

ዘነዘናውን አስቀምጬ ሄድኩና እትዬ ማርታ እንዲገቡ በሩን ከፈትኩላት።