በባይሽ ሸለቆ የደረደርናቸው ቀስቶች

ልጅ እያለሁ ስካውት ነበርኩ። ኮምቦልቻ በነበረው ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ካኪ ሸሚዝ ለብሰን፣ አንገታችን ላይ አረንጓዴ ሻርፕ አስረን እንሰለፍ ነበር። አሁን ሳስበው አብዛኛው ሥራችን ገመድ መቋጠርና የቋጠርነውን መፍታት ነው፤ ያኔ ግን አገር የምናድን ይመስለን ነበር። በየቀኑ አንድ መልካም ሥራ መሥራት ግዴታችን ስለሆነ፣ የሚረዳ ሰው ያጣን ቀን የጎረቤት ሙሉ ጀሪካን ደፍተን መልሰን እስከ መሙላት ደርሰናል።

አባቴ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ ሳዑዲ ነበር፤ ጂዛን አካባቢ፣ ባይሽ በምትባል የእርሻ አገር የውሃ ቦቴ ይነዳል። እዚያ «ዋይት» ነው የሚሉት። ከሄደ ብዙ ዓመት ስለሆነው ታናሽ ወንድሜ ጀማል የሚያውቀው የስልክ ድምፁን ብቻ ነው፤ እኔም ከዚያ ብዙ አልሻልም። በየመን ጦርነት ዓመታት በአንዱ ክረምት፣ ከፊሉ፣ ማለትም አሠሪው፣ በራሱ ስም የጉብኝት ቪዛ አወጣለትና አባቴ እናቴን፣ ጀማልንና እኔን ለትምህርት ቤት ዕረፍት አስመጣን። ከመሄዴ በፊት የስካውት መሪያችን የነበረው የስፖርት አስተማሪ ጠርቶኝ «ለሽርሽር ብቻ እንዳትሄጂ። የስካውት ልምድ ጨምረሽበት ነይ፤ ስትመለሺ ለጓደኞችሽ ታካፍያለሽ» አለኝ። እኔም አደራውን እንደ መንግሥት ሥራ ተቀበልኩት።

የጂዛን አውሮፕላን ማረፊያ በጦርነቱ ተዘግቶ ስለነበር ጅዳ ወርደን ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ተጓዝን። ባይሽ ስንደርስ አባቴ ሻንጣችንን ሲፈታ በመጀመሪያ ያገኘው የእኔን ካኪ ነው። በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የስካውት ልብስ ነው» አልኩት።

«እዚህ ካኪ የሚለብስ ወታደር ነው፣ ልጄ። ድንበር ቅርብ ነው። ኸላስ በቃ፣ እስክትሄዱ ድረስ ከሻንጣ አይወጣም።» ፊሽካዬንም አብሮ ቆለፈበት። በአባቴ ተናደድኩ። ስንት ዓመት ቆይቶ ገና በመጀመሪያው ቀን ይከለክለኛል ብዬ እናቴ ጉያ ገብቼ አለቀስኩ።

ቤታችን ከማንጎ እርሻው ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚሸተን የረጠበ አፈርና የፓምፑ ናፍጣ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አቧራ የተሸከመ ነፋስ ይነሣና ሁላችንም ዱቄት መስለን እናመሻለን። አልፎ አልፎ ከላይ የአውሮፕላን ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ ሰሞን እናቴ «ቢስሚላህ» እያለች ትነሣ ነበር፤ በኋላ እሷም ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። አባቴ ቀኑን ሙሉ ዋይቱን ይነዳል፤ ማታ ሲገባ እኔን ምን ብሎ እንደሚያናግረኝ የሚጨንቀው ይመስል «በላሽ?» ይለኛል። «በላሁ» እለዋለሁ። ንግግራችን በቃ ያ ነበር።

ልብሱ ቢቆለፍም አደራው አልተቆለፈም። ስካውቶች በመንገድ ላይ ድንጋይ በቀስት ቅርጽ እየደረደሩ ከኋላ ለሚመጣው ጓዳቸው አቅጣጫ ያሳያሉ። ቡድናችን ውስጥ በዚህ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ከእርሻው ወዲያ ሰፊ ደረቅ ሸለቆ አለ፤ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ውሃ የሚያልፍበት። ከሸለቆው ወገብ ጀምሬ እስከ ቤታችን በር ድረስ ቀስት ደረደርኩ፤ የሁሉም ጫፍ ወደ ቤት ያያል። ጀማል የጠፋ ሰው ይሆናል፣ እኔ መሪ እሆናለሁ፤ እሱ ሸለቆው ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆይና ቀስቶቹን እየተከተለ ይመጣል። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሁልጊዜ በደስታ እየጮኸ ነበር የሚደርሰው፤ እውነት ጠፍቶ የተገኘ ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ቀስቶቹን ተከትሎ የመጣው ጀማል አልነበረም። ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ፣ ወዙ ያለቀ ወጣት በራችን ላይ ቆሞ በአማርኛ «እትዬ፣ ለአላህ ብለሽ ውሃ» አለ። እናቴ የያዘችው ቢላ ከእጇ ወደቀ።

«የወሎ ልጅ ነህ እንዴ?»

«ወላሂ የሐርቡ ነኝ፣ እትዬ። ሰኢድ እባላለሁ።»

ሐርቡ ማለት ለኮምቦልቻ ጎረቤት ነው። እናቴ ጎትታ አስገባችው። ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ከየመን በእግሩ ድንበሩን ተሻግሮ እንደመጣ፣ ቀን ቀን እየተደበቀ ሲጓዝ እንደሰነበተ በቁርጥራጭ ቃል ነገራት። ሸለቆው ውስጥ ተስፋ ቆርጦ ሳለ ነው ቀስቱን ያየው። «የአገር ልጆች ናቸው ያስቀመጡልን አልኩ። ያን ድንጋይ የደረደረ ሰው ጀነት ይግባ» አለ። ጀማል ወደ እኔ እያየ ፈገግ አለ። እኔም በውስጤ መልካም ሥራ ለብዙ ወር የሚበቃ ሠራሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ደስታዬ የቆየው የዋይቱ ሞተር በር ላይ እስኪጠፋ ነው። አባቴ ገብቶ ሰኢድን ሲያይ ፊቱ ልክ አመድ መሰለ። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሰው እዚያ «መጅሁል» ይሉታል፤ ያልታወቀ እንደማለት ነው። ያልታወቀ ሰው ያስጠጋ የታወቀ ሰው አብሮ ይባረራል።

«አንቺ፣ ምን ሆነሻል?» አላት እናቴን። «ይሄ ልጅ እዚህ ቢገኝ ኢቃማዬ ኸላስ ነው። እናንተም በከፊሉ ስም ነው የገባችሁት። የሹርጣ ፖሊስ ቢመጣ ሁላችንንም ነው የሚጭነን።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሐርቡ እኮ ነው!» አለች እናቴ፣ ሐርቡ መሆን በራሱ ኢቃማ ይመስል።

ሰኢድ ለመነሣት ሞከረ። «ጋሼ፣ እኔ እሄዳለሁ። ግን ከኋላ ሁለት ልጆች አሉ። የአንደኛው እግር አብጦ ዛፍ ሥር ትቻቸው ነው የመጣሁ። ፀሐይ ስትበርድ ድንጋዩን እያያችሁ ተከተሉኝ ብያቸዋለሁ።»

«የትኛውን ድንጋይ?» አለ አባቴ።

ጀማል ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣ አለ። አባቴ ነገሩ ገባው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰኢድ ልመለስና ላምጣቸው ሲል ከለከለው፤ የድንበር ጥበቃ መኪና ገና ስለሚመላለስ እሱ ከታየ ሁሉም ይያዛሉ። ሲጨልም ከሸለቆው ማዶ ፍየል የሚጠብቁ የወሎ ሰዎች ጋ እንዲሻገር ነግሮት ማንጎው ውስጥ ደበቀው። ከዚያ ሁለት ትልልቅ የውሃ ላስቲኮች አንሥቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ያላ፣ ተነሽ። አንድም ሳታስቀሪ ታሳዪኛለሽ።»

አባትና ልጅ ሆነን ለብቻችን ስንወጣ ያ የመጀመሪያችን ነበር። ከቤት ጀምረን እያንዳንዱን ቀስት አሳየዋለሁ፤ እሱ በጫማው ይበትነዋል። ሸለቆው ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለው ቀስት ጋ ስንደርስ እግሩን አነሣና መልሶ አወረደው። ወዲያ ማዶ ግራሮቹ ይታያሉ። ከእነሱ በአንዱ ሥር ሁለቱ ልጆች እንዳሉ ሁለታችንም እናውቃለን። ይጠራቸዋል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጠራቸውም።

«ይሄን ከበተንነው የት ይሄዳሉ?» አልኩት።

የጥበቃ መኪናው የሚመጣበትን መንገድ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ተንበረከከና የቀስቱን ጫፍ ከቤታችን አዞረው፤ ወደ ፍየል ጠባቂዎቹ። «እስከ ዳገቱ እንቀጥልበት። ፍጠኚ» አለኝ። እሱ ድንጋይ ያመጣል፣ እኔ እደረድራለሁ። የሚያመጣው ሁሉ ትልልቁን ስለሆነ መሸከም አቃተኝና «አባባ፣ ትንንሹ ይበቃል» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ እንደ ጀማል ወጣ ያለ መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት፤ ያን ሰውዬ የወደድኩትም ያኔ ነው። ከስካውት ምልክቶች ውስጥ የውሃ ምልክት እንዳለ ነገርኩትና መሬት ላይ ሞገድ የመሰለ መስመር ጫርኩለት።

«ማን ያነበዋል? ውሃውን ራሱን አስቀምጪው» አለኝ። ላስቲኮቹን ጫፉን ያዞርነው ቀስት ሥር በድንጋይ ጥላ አኖርናቸውና ለመግሪብ ሶላት ቤት ገባን።

ጠዋት ሄጄ ሳይ ውሃው የለም። ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት። «ዝንጀሮም ይወስዳል» አለና ሞተሩን አስነሣ። ሰኢድ የአባቴን ትርፍ ጫማ አድርጎ በምሽት ሄዷል። አባቴ ስለ ልጆቹ ፍየል ጠባቂዎቹን ጠይቆ እንደሆነ አልነገረንም። ቃል እንዳይወጣችሁ ብቻ አለን። ዓርብ ላይ አሽ-ሹቀይቅ ባሕር ዳር ወሰደን፤ አሸዋ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ዓሣ በላን፣ ኮከብ ቆጠርን። ኮምቦልቻ ተመልሼ ለቡድናችን ያካፈልኩት የስካውት ልምድ ባሕሩንና ኮከቦቹን ነው። ተጨበጨበልኝ።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ በኩል ሳልፍ የሚሰለፍ ልጅ አላይም። አባቴ ጠቅልሎ ገብቷል፤ እኔ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ጀማል አድጎ ቁመቱ ከአባቴ በለጠ። ሥራ ፈለገ፣ አጣ፣ ጭምት ሆነ። አምና አንድ ጠዋት አልጋው ላይ አልነበረም። ከየመን አንዴ ደወለና ድንበሩን ሊሻገሩ መሆኑን ነገረን። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እናቴ በየቀኑ ታለቅሳለች፤ አባቴ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ በር ላይ ይቀመጣል።

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስገባ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለዚያ ቀን አንሥቶ የማያውቀው ሰው፣ ወደ መንገዱ እያየ «እነዚያ ሁለቱ ልጆች ደርሰው ይሆን?» አለኝ።

«ደርሰዋል፣ አባባ» አልኩት። እኔ ምን አውቃለሁ።

ጭንቅላቱን ደጋግሞ ነቀነቀ። «አዎ» አለ፤ «ይደርሳል።»